ደጁን የዘጋ ኀዘን፦ ስለ ኤድጋር አለን ፖ «ቁራው» ግጥም

የሚወዱትን ሰው በሞት የተነጠቁ ብዙዎች በልባቸው የሚሸከሙት፣ ለማንም ግን የማይገልጡት አንድ ፍርሃት አለ። ይኸውም መጽናናት ክሕደት እንዳይሆን የሚል ፍርሃት ነው። ዕንባቸው የደረቀ ዕለት፣ ሳቅ ሳያስቡት ከአፋቸው ያመለጠ ዕለት፣ የሟቹን ድምፅ ለማስታወስ የተቸገሩ ዕለት፣ ያን ሰው ሁለተኛ የቀበሩት ያህል ይሰማቸዋል። ስለዚህ ኀዘኑን እንደ አደራ አጥብቀው ይይዙታል። ሊያጽናናቸው የመጣውን ሰው ያመሰግናሉ፤ ቃሉን ግን ወደ ልባቸው አያስገቡም። እንዲህ ያለው አያያዝ ፍቅር ነውን? ወይስ የፍቅርን ልብስ የለበሰ ሌላ ነገር? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም፤ የነፍስ አባቶችም ዘወትር የሚገጥማቸው ነው። እኛ ግን እዚህ የምንመረምረው በአንድ የታወቀ ግጥም በኩል ይሆናል።

አሜሪካዊው ባለቅኔ ኤድጋር አለን ፖ «ቁራው» የተሰኘው ግጥሙ በስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በኒው ዮርክ ከተማ ይወጣ በነበረው «ኢቭኒንግ ሚረር» ጋዜጣ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1845 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግጥሙ 18 አንጓዎችና 108 ስንኞች አሉት፤ ታሪኩም አጭር ነው። ወሩ ዲሴምበር፣ ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ነው። አንድ ሰው ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ በጥንታውያን መጻሕፍት ላይ ያንጎላጃል። መጻሕፍቱን የከፈተው ሌኖር የምትባል የሚወዳት ሴት ስለ ሞተችበት፣ ከእነርሱ ጥቂት ዕረፍት ለመበደር ብሎ ነው። በሩ ይንኳኳል። ይከፍታል፤ ከጨለማ በቀር ማንም የለም። ስሟን በሹክሹክታ ይጠራል፤ የገደል ማሚቶ ያንኑ ስም ይመልስለታል። ሁለተኛው ማንኳኳት ከመስኮቱ ይመጣል። የመስኮቱን መዝጊያ ሲከፍት አንድ ቁራ እንደ ባለሥልጣን እየተንጎማለለ ይገባና ከክፍሉ በር በላይ በቆመው የፓላስ ሐውልት ራስ ላይ ያርፋል። ሰውየው ቀልድ አስመስሎ ስሙን ቢጠይቀው፣ ያለፈው ከቶ ተመልሶ እንደማይመጣ የምታመለክት አንዲት ቃል ይመልስለታል። ቁራው የሚያውቀው ያችን ቃል ብቻ ነው። ቀሪው ግጥም ሰውየው ለዚህ ወፍ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎችና ያቺው ቃል ናቸው።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይህን ግጥም «ጎቲክ» ከሚባለው የአጻጻፍ ስልት ጋር ይመድቡታል። ስልቱ በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ ሆረስ ዋልፖል በ1764 ያሳተመው «የኦትራንቶ ግንብ» የተሰኘ ልብ ወለድ በኩሩ እንደ ሆነ ይነገራል። በ1765 በወጣው ሁለተኛ እትም ደራሲው ራሱ መጽሐፉን «የጎቲክ ታሪክ» ብሎታል። ከእርሱ በኋላ አን ራድክሊፍ፣ ማቲው ልዊስና ሌሎችም መንገዱን ተከተሉ። ያረጀ ግንብ፣ ምድር ቤት፣ በነፋስ የሚንቀሳቀስ መጋረጃ፣ ሊጠፋ የደረሰ መብራት፣ መነሻው የማይታወቅ ድምፅ፣ የሙታን መንፈስ፣ እነዚህ ሁሉ የስልቱ ዕቃዎች ናቸው። ካቶሊካዊ አንባቢ አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም፤ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ገዳማትና መነኮሳት ብዙ ጊዜ የሽብር መገኛ ሆነው ይቀርባሉ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት ገዳማትን ስለ ዘጋ፣ የኋለኛው ዘመን እንግሊዛዊ ገዳምን የሚያውቀው በአብዛኛው በፍርስራሽነቱ ነበር፤ ሰው የሌለበትን ፍርስራሽ ደግሞ ምናብ በመናፍስት ይሞላዋል። «ጎቲክ» የሚለው ስም ራሱ ግን መጀመሪያ የተሰጠው ለመካከለኛው ዘመን ታላላቅ ካቴድራሎች ነው። በፓሪስ አጠገብ በቅዱስ ዲዮናስዮስ ገዳም አበምኔቱ ሱዤ አሠርቶ በ1144 ያስመረቀው መቅደስ የዚያ አሠራር መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ሱዤ ግድግዳውን በመስኮት ያስከፈተው ብርሃን እንዲገባ ብሎ ነበር። ለብርሃን ሲባል የተፈጠረ አሠራር ስሙን ለጨለማ ሥነ ጽሑፍ ማውረሱ የቃላት ዕጣ አስገራሚ መሆኑን ያሳያል። በፖ ግጥምም መስኮት ይከፈታል፤ የሚገባው ግን ብርሃን አይደለም።

ፖ ከዚህ ውርስ የወሰደውን ያህል የጣለውም አለ። በግጥሙ ውስጥ ግንብ የለም፤ ያለው አንድ ክፍል ነው። ነፍሰ ገዳይ የለም፤ መንፈስም አይታይም። የቀሩት ሐምራዊው የሐር መጋረጃ የሚያሰማው ኮሽታ፣ እየሞተ ጥላውን በወለሉ ላይ የሚጥለው ፍም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሩ ተከፍቶ ምንም ያልታየበት ያ ቅጽበት ናቸው። አን ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ በ1826 በታተመ ድርሰቷ ሽብርንና ዘግናኝነትን ትለያለች። ሽብር ምን እንደሚመጣ በግልጽ ሳያሳይ ነፍስን ያሰፋታል፤ ዘግናኝ ነገር ግን ፊት ለፊት ቆሞ ያኮማትራታል፣ ያደርቃታል ትላለች። የተከፈተው በር ከመጀመሪያው ወገን ነው። በእኔ ግምት የግጥሙ ከፍተኛው ቦታ ቁራው የገባበት ሳይሆን ይኸው ነው። ሰውየው ወደ ጨለማው እያየ የሟቿን ስም የሚጠራው በጥያቄ ድምፅ ነውና። ደጁን ያንኳኳው ማን እንዲሆን ተመኝቶ እንደ ነበር ለራሱ እንኳ አልተናዘዘም ነበር፤ ስሟ ከከንፈሩ ሲወጣ ግን ምኞቱ ተገለጠ። የመለሰለትም የራሱ ድምፅ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ለጥያቄ የሚመጣው መልስ ምን ዐይነት እንደሚሆን ቁራው ሳይገባ በፊት ተነግሮናል ማለት ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ሰው ቁራን ሲያስብ የሚመጣለት ከዚህ የተለየ ነው። ኖኅ ከመርከቡ የላከው ቁራ ሄዶ ስለ ቀረ፣ ተልኮ የማይመለሰውን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን። የፖ ቁራ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ችግሩ ገብቶ የማይወጣ መሆኑ ነው። ሰውየው ራሱ መጀመሪያ ላይ በትክክል ያስባል። ይህ ወፍ መከራ ያሳደደው አንድ ጌታ ነበረው፤ ያ ጌታ ዘወትር ይደጋግማት የነበረችውን ቃል ሰምቶ ተማረ፤ የሚናገረውን አያውቅም ይላል። አእምሮው ጤነኛ ነው። እንግዲህ አንዲት ቃል በቃሉ ያጠና ወፍ እንደ ሆነ ካወቀ በኋላ ምን ያደርጋል? ወንበሩን ስቦ በወፉ ፊት ይቀመጣል። ከዚያም ከሕይወቱ ሁሉ የከበዱትን ጥያቄዎች ለእርሱ ያቀርብለታል።

የግጥሙ ምግባራዊ እጥፋት እዚህ ላይ ነው። ፖ ግጥሙን እንዴት እንደ ሠራው በ1846 ባሳተመው «የድርሰት ፍልስፍና» በተሰኘ ጽሑፍ ውስጥ ይህንኑ ነገር በማያሻማ ቋንቋ ይገልጸዋል። ኀዘንተኛው የሚመጣውን መልስ አስቀድሞ ያውቃል፤ ጥያቄዎቹንም የሚያዋቅራቸው መልሱ ይበልጥ እንዲያቆስለው አድርጎ ነው፤ በዚህም ራስን በማሠቃየት የሚገኝ አንድ ዐይነት ደስታ ይሰማዋል። ፖ በዚያ ጽሑፍ ግጥሙን እንደ ሒሳብ ስሌት ደረጃ በደረጃ እንደ ቀመረው ይናገራል፤ መጀመሪያ ያሰበው ወፍ በቀቀን እንደ ነበረ እንኳ ያወራል። ይህን ሁሉ ቃል በቃል ማመን ያስቸግራል፤ ባለቅኔዎች ከሥራቸው በኋላ ሥራቸውን ሲያብራሩ ብልኅነታቸውን ማጋነን ይወዳሉና። ስለ ኀዘንተኛው የተናገረው ግን እውነት ነው፤ ብዙ ያዘነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሟቹን ልብስ የሚያወጣ እጅ፣ የመጨረሻውን ሌሊት ሰዓት በሰዓት መልሶ የሚቈጥር አእምሮ፣ «ያን ቀን ሐኪም ቤት ባደርሰው ኖሮ» እያለ የሚጠይቅ ልብ መልሱን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ትርጕም አለው። በመጀመሪያ የሚፈልገው መርሳትን ነው። ሆሜር «ኦዲሴይ» በተባለው ታሪኩ ሄለን ወይን ውስጥ ጨምራ ኀዘንን ታስረሳበት እንደ ነበር ያወሳውን መድኃኒት ጠጥቶ ሌኖርን ለመርሳት ይመኛል። ወፉ ይከለክለዋል። ቀጥሎ ፈውስን ይለምናል፤ ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ ቁስል ሲያለቅስ የጠየቀውን የገለዓድን መድኃኒት አንሥቶ፣ ለእኔም ይኖር ይሆን? ይላል። ያቺው ቃል ትመለስለታለች። በመጨረሻ ስለ መገናኘት ይጠይቃል፤ በሩቅ ኤደን መላእክት በስሟ የሚጠሯትን ያችን ቅድስት ነፍስ ዳግመኛ አቅፋት ይሆን? ወፉም እንደ ልማዱ ይመልሳል። ሰውየው የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የሰው ልጅ በሞት ፊት ሊጠይቀው ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው ነው። የትንሣኤ ሙታን ጥያቄ ነውና። ማርታ ወንድሟ አልዓዛር በሞተባት ጊዜ ያነሣችው ጕዳይ ይኸው ነበር። ልዩነቱ የቀረበለት ጆሮ ነው። ማርታ ከመንደሯ ወጥታ ሊመልስላት ወደሚችለው ሄደች፤ ይህ ሰው ግን በዝግ ክፍል ተቀምጦ፣ ትርጕሙን የማያውቃትን ቃል የሚደጋግም ወፍ ይጠይቃል። ነቢይ ብሎ ይጠራዋል፤ ወዲያውም ወፍ ይሁን ሰይጣን እንደማያውቅ ይናገራል፤ ሆኖም ስለ ዘላለም ሕይወት የሰጠውን ፍርድ ይቀበላል። ቁራው የቆመበትን ስፍራ እናስታውስ። ፓላስ በጥንት ግሪኮች ዘንድ የጥበብ አምላክ ትባል የነበረችው ናት። ባዶ ቃል የጥበብን ራስ መቀመጫ አድርጎታል።

አሁን ወደ ሌኖር እንመለስ። ይህ ሁሉ ኀዘን ስለ እርሷ ነው፤ ነገር ግን በ108ቱ ስንኞች ውስጥ ስለ ሌኖር ምን ተነገረን? ብርቅና ብሩህ እንደ ነበረች፣ መላእክትም ስሟን እንደሚያውቁት፤ ከዚህ ያለፈ የለም። አንድም ቀን የተናገረችው ቃል አልተጠቀሰም። ምን ትወድ እንደ ነበር፣ ለማን ትራራ እንደ ነበር፣ ተቈጥታ ታውቅ እንደ ሆነ አንሰማም። በክፍሉ ውስጥ የቀረው ብቸኛ አሻራዋ ከእንግዲህ የማትደገፍበት የወንበሩ የከፋይ መከዳ ነው። ኀዘኑ እየገዘፈ ሲሄድ የታዘነላት ሴት እያነሰች ሄዳ በስም ብቻ ቀረች። ፖ በዚያው ድርሰቱ ከርእሰ ጕዳዮች ሁሉ ለቅኔ እጅግ የሚስማማው የቆንጆ ሴት ሞት ነው ብሎ ጽፏል። ይህን አባባል ያለ ተቃውሞ ማለፍ አይገባም። ሴትዮዋን ለኀዘንተኛው ስሜት ማጌጫ ያደርጋታልና። ይሁን እንጂ ግጥሙ ከገጣሚው ንድፈ ሐሳብ የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ ራሱን የሚመግብ ኀዘን በመጨረሻ ሟቹን ራሱን እንደሚያስረሳ ሳይሸሽግ ያሳያል። ኀዘንተኛው መጽናናትን የከለከለው ለሌኖር ታማኝ ለመሆን ከነበረ፣ ያልጠበቀው ነገር ደርሶበታል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተባለው ዐቢይ መጽሐፉ ኀዘንን ስለሚያቃልሉ ነገሮች ጽፏል። የዘረዘራቸው ደስታ፣ ዕንባ፣ የወዳጆች ማዘን፣ እውነትን መመልከት፣ በመጨረሻም እንቅልፍና ገላን መታጠብ ናቸው። በከፍተኛ ነገረ መለኮት መካከል መታጠቢያ ቤት መግባቱ ፈገግ ያሰኛል፤ ግን ቶማስ ሰው ሥጋም እንዳለው አልዘነጋም። ይህን ይዘን ወደ ፖ ክፍል ብንገባ የምናገኘው ይደንቃል። ዕንባ በግጥሙ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም። ሊወስደው የነበረውን እንቅልፍ ማንኳኳቱ ቀማው። የወፉ አኳኋን ጥቂት ፈገግ አሰኝቶት ነበር፤ ፈገግታው ወዲያው ወደ ሥቃይ ተለወጠ። ወዳጆችን በተመለከተ፣ ሌሎቹ ሁሉ ትተውት እንደ በረሩ፣ ይህም ወፍ ሲነጋ እንደሚሄድ ያጉረመርማል። እውነትን ደግሞ የጠየቀው ማንን እንደ ሆነ አይተናል። ሞት ብቻውን ክፍሉን እንዲህ አላደረገውም።

ቶማስ ስለ መታጠብ ሲናገር የሚጠቅሰው ቅዱስ አውጎስጢኖስን ነው፤ እርሱ ስለ ሁለት ኀዘኖቹ «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ ጽፎልናል። በወጣትነቱ የቅርብ ጓደኛው በሞተ ጊዜ የትውልድ ከተማው ታጋስቴ ሥቃይ ሆነችበት፤ ያየው ሁሉ ሞትን ያስታውሰው ነበር፤ ዕንባ ብቻ ይጣፍጠው ጀመር፣ በጓደኛውም ፈንታ ወዳጅ ሆነለት። ዓመታት ካለፉ በኋላ ያን ኀዘን ሲመረምር፣ ሟች የሆነውን ሰው እንደማይሞት አድርጎ ይወደው እንደ ነበር ይናገራል። ሁለተኛው ኀዘን በ387 በኦስትያ የእናቱ የሞኒካ ሞት ነው። በቀብሯ ዕለት ዕንባውን አፍኖ ዋለ፤ ገላውንም ቢታጠብ ኀዘኑ አልለቀቀውም። ተኝቶ ሲነሣ ግን ጥቂት ቀለለው፤ ከዚያም ብቻውን በአምላኩ ፊት እንደ ልቡ አለቀሰ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የኀዘን መጠን አይደለም። ሞኒካ ከመሞቷ በፊት ሥጋዋ የትም ቢቀበር እንዳይጨነቁ፣ ነገር ግን በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ለልጆቿ አደራ ብላ ነበር። አውጎስጢኖስ ለሟች እናቱ የሚያደርግላት ሥራ ነበረው። አንባቢዎቹም እንዲያስቧት ለመነ። በዚህ የተነሣ ስለ ሞኒካ ብዙ እናውቃለን፤ ትዕግሥቷን፣ ልቅሶዋን፣ ስለ ልጇ የሮጠችውን ሩጫ ሁሉ። ስለ ሌኖር የምናውቀው መከዳዋን ነው።

ይህን ስንል ኀዘንተኛውን ለመኰነን መቸኰል አይገባም። በብዙ አፍ የሚነገረው መጽናኛ በእርግጥ ርካሽ ነው፤ «ጊዜ ይሽረዋል» የሚባለውን ቃል በሦስተኛው ቀን የሰማ ሰው ቢቈጣ አይፈረድበትም። ራሔል ስለ ልጆቿ መጽናናትን እንቢ ማለቷን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያወሳ አይነቅፋትም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ በዝምታ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት ለመናገር አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ እንጂ ጨርሶ እንዳያዝኑ አላዘዘም። ጌታችን ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያለ በመቃብሩ ዘንድ አነባ። በአገራችን ልቅሶ ቤት የሚቀመጠው ጎረቤት ብዙ ጊዜ አንዳች የጥበብ ቃል አይናገርም፤ ንፍሮ ይቀምሳል፣ ከድንኳኑ ሥር ያመሻል፣ ይሄዳል፣ በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዴ ይህ ልማድ ለደከመ ኀዘንተኛ ሸክም እንደሚሆን አይካድም። ሆኖም ቢያንስ ቁራው ከሚቀመጥበት ስፍራ አስቀድሞ ሰው እንዲቀመጥ ያደርጋል።

ከግጥሙ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ በፍጻሜው አጠገብ ያለ ልመና ነው። ሰውየው ሦስተኛውን መልስ ከሰማ በኋላ ወፉን ውጣ ብሎ ይጮኽበታል፤ ከዚህ ጋርም ብቸኝነቱን ሳያናጋ እንዲተውለት ይጠይቃል። ሌኖርን መልሱልኝ አላለም፤ ሰውም ጥሩልኝ አላለም። ሊያድነው የፈለገው የቀረው ሀብት ብቸኝነቱ ነበር። በመጨረሻው አንጓ መብራቱ ከወፉ በላይ እየፈሰሰ ጥላውን በወለሉ ላይ ይጥላል፤ የሰውየውም ነፍስ ከዚያ ጥላ ውስጥ አትነሣም። የጎቲክ መጻሕፍት በምድር ቤት የቈለፉትን እስረኛ ፖ በራሱ ሳሎን አስቀመጠው፤ ቍልፉም በውስጥ በኩል ነው።

ገጣሚው ይህን ክፍል ከሩቅ አልሣለውም። እናቱ ኤልዛቤት በ1811 ስትሞት ገና የሦስት ዓመት ልደቱን አላከበረም ነበር፤ ያሳደገችው ፍራንሲስ አለን በ1829 ሞተች። ሚስቱ ቨርጂኒያ በ1842 መጀመሪያ ላይ እየዘመረች ሳለች ከአፏ ደም ፈሰሰ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ነበር። «ቁራው» በታተመበት ቀን ቨርጂኒያ በሕይወት ነበረች፤ የሞተችውም ከዚያ ዕለት ሁለት ዓመትና አንድ ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1847 ነው። ስለዚህ ግጥሙ የተጻፈው ኀዘኑ ገና በደጅ ሲያንኳኳ ነበር ማለት ይቻላል። በመጨረሻዎቹ ወራቷ ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ በፎርደም በአንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ነበር፤ ጎረቤታቸውም ካህናተ ኢየሱሳውያን በ1846 የተረከቡት የቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ነው፤ ዛሬ ፎርደም ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ፖ ካቶሊካዊ አልነበረም፤ ወደ እመቤታችን የሚቀርብ አጭር መዝሙር ግን ቀደም ሲል ጽፎ ነበር፤ በ1845ም «የካቶሊክ መዝሙር» በሚል ርእስ መልሶ አሳትሞታል። ከኮሌጁ ካህናት ጋር ተወዳጅቶ ወደ ግቢያቸው ይመላለስ እንደ ነበር፣ ቤተ መጻሕፍታቸውም ለእርሱ ክፍት እንደ ነበር ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ያስረዳሉ። እርሱም በ1849 በባልቲሞር ሞተ። የቨርጂኒያ ዐፅም ከፎርደም ተነሥቶ ከእርሱ አጠገብ ያረፈው በ1885 ነው።